ሳንመረምር አንፍረድ፦ ሉፐስ፣ የደም መርጋትና የእህቶቻችን ክብር

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ስሙ ብዙም ስለማይታወቅ፣ ነገር ግን በየቤቱ ገብቶ ትዳር ስለሚያናጋና ሕይወት ስለሚቀጥፍ አንድ ችግር እንወያያለን። ወደ በሽታው ከመግባቴ በፊት ግን ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝን ገጠመኝ ላስቀድም።

ከዐስር ሰላት በኋላ ነበር። አንድ ወጣት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገብቶ ሌሎች ደንበኞች ጉዳያቸውን ጨርሰው እስኪወጡ ጥግ ይዞ ቆመ። ብቻችንን ስንቀር እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረው። ባለቤቱ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በእርግዝና ክትትል የተደረገላት የቂጥኝ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ሆኖ ስለመጣ ሐኪሙ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ አዞላታል። መርፌውን ሳወጣለት ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «እህቴ፣ የእኔ ደም ታይቶ ነጻ ነህ ተብያለሁ። ታዲያ እሷ ከየት አመጣችው?» አለኝ።

ድምፁ የተሰበረ ነበር። ፍቺ የቆረጠ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

«ከዚህ በፊት ጽንስ ወርዶባታል?» አልኩት። «ሁለት ጊዜ» አለኝ። «ፊቷስ?» ስለው ጥያቄዬ ግራ ቢያጋባውም፣ «ፀሐይ ሲነካት ጉንጭና አፍንጫዋ ይቀላል። እናቴ ምች ነው እያለች ዳማከሴ ታሽላታለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል» አለኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታ የመለየት ሥልጣንም የለኝም። ግን አንድ ነገር ለመንኩት፦ «መርፌውን ትወጋ፤ እውነተኛ ቂጥኝ ከሆነ ጽንሱን ይጎዳልና መዘግየት የለበትም። ነገር ግን ማረጋገጫ የሚሆነው ሁለተኛው ምርመራ እስኪሠራ ድረስ ቤት ገብተህ አንዲት ቃል አትናገራት። የውስጥ ደዌ ሐኪምም ይያት።»

ሁለተኛው ምርመራ ቂጥኝ እንደሌለባት አሳየ። ቀጥሎ በተደረገላት ምርመራ የተገኘው ሉፐስ የሚባለው በሽታ ሲሆን፣ በደሟ ውስጥ ደም የሚያረጉ አንቲቦዲዎችም ተገኙ። ቂጥኝ አለባት ያሰኛት የተሳሳተ ውጤትም፣ ሁለቱ የወረዱት ጽንሶችም ከዚያው አንድ ምንጭ የመጡ መሆናቸውን ሐኪሞቹ ነገሯቸው።

ሱብሓነላህ! ያ ወጣት ያን ቀን በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? የዛሬው ጽሑፌ መልእክትም ይኸው ነው። በዚህ በሽታ ዙሪያ እህቶቻችንን የሚጎዳው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ሳንመረምር የምንፈርደው ፍርድም ጭምር ነው። እኔ ራሴም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም፤ ወደ በኋላ እናዘዘዋለሁ።

ሉፐስ ምንድን ነው?

አላህ በሰውነታችን ውስጥ ጀርምን የሚዋጋ መከላከያ አኑሮልናል። ይህ መከላከያ አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖችን እየሠራ ባዕድ የሆነውን ነገር ይለያል፣ ያጠቃል። በሉፐስ ጊዜ ግን መከላከያው ወዳጅና ጠላት መለየት ይሳነውና የራሱን አካል ማጥቃት ይጀምራል። መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ ኩላሊትን፣ የደም ሴሎችን፣ አንዳንዴም አንጎልን ይነካል። ከ10 በሽተኞች 9ኙ ሴቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹን የሚይዛቸው ከ15 እስከ 45 ባለው ዕድሜያቸው፣ ማለትም በሚያገቡበትና በሚወልዱበት ጊዜ ነው።

ምልክቶቹ ቶሎ የማይለቅ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና እብጠት፣ በጉንጭና በአፍንጫ ላይ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስል ሽፍታ፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ የጸጉር መሳሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና የእግር እብጠት ናቸው። እኛ ዘንድ ሽፍታው «ማድያት» ወይም «ምች»፣ የመገጣጠሚያው ሕመም «ቁርጥማት»፣ ድካሙ ደግሞ «ስንፍና» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ሉፐስ ተላላፊ አይደለም፤ በመብላትም ሆነ በመጠጣት፣ በመተኛትም አይተላለፍም።

ደም የሚያረጉት አንቲቦዲዎች

ከሉፐስ በሽተኞች መካከል ከመቶ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት «አንቲፎስፎሊፒድ» የሚባሉ አንቲቦዲዎች በደማቸው ውስጥ ይገኙባቸዋል። እነዚህ አንቲቦዲዎች በደም ሥር ግድግዳና ደምን በሚያረጉት ጥቃቅን ሴሎች ላይ ካለ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። በዚህ ጊዜ ሴሎቹ ይነቃሉ፤ ቁስል በሌለበት ቦታ ደም መርጋት ይጀምራል። የረጋው ደም በእግር የደም ሥር ውስጥ ከሆነ እግር ያብጣል፤ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሊገድልም ይችላል፤ አንጎል ውስጥ ከሆነ ገና በወጣትነት ስትሮክ ያስከትላል። በእንግዴ ልጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ጽንሱ ይወርዳል ወይም በማህፀን ውስጥ ይሞታል።

እነዚህን አንቲቦዲዎች የሚፈልጉት ምርመራዎች ሦስት ናቸው፦ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒን እና አንቲ ቤታ ቱ ግላይኮፕሮቲን ዋን ይባላሉ። ሦስቱም ፖዘቲቭ የሆኑባት ሰው አደጋዋ ከፍ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ታይቶ ግን አይበቃም። በኢንፌክሽን ምክንያት ለጊዜው ብቅ ብለው የሚጠፉ ስላሉ ምርመራው ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። አንቲቦዲው የተገኘባት ሁሉ ደሟ ይረጋል ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ። ብዙዎች ሳይረጋባቸው ይኖራሉ፤ ነገር ግን እንዳለባቸው ማወቃቸው ከሚጨምሩ ነገሮች እንዲጠነቀቁ ይረዳቸዋል።

አንድ የሚያሳስት ስም አለ፤ ላስረዳችሁ። «ሉፐስ አንቲኮአጉላንት» የሚለው ስም ሲተረጎም «ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ» ማለት ነው። ስሙ የወጣው በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ የበሽተኞቹ ደም ለመርጋት ስለሚዘገይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ኮንሊ እና ሃርትማን የተባሉ ሐኪሞች ሁኔታውን በሁለት የሉፐስ በሽተኞች ላይ አይተው ሲጽፉ የደም መፍሰስ ችግር አድርገው ነበር የተረዱት። በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ደሙ አለቦታው ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ1983 በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ግርሃም ሂዩዝና ባልደረቦቻቸው አንቲቦዲውን፣ የደም መርጋትንና የጽንስ መውረድን አንድ ላይ አገናኝተው ገለጹት። በዚህም የተነሳ ችግሩ እስከ ዛሬ በስማቸው ሲጠራ ይሰማል። ስለዚህ እህቴ፣ በወረቀትሽ ላይ «ደሟ ለመርጋት ይዘገያል» የሚል ብታገኚ «እንግዲያው ደሜ አይረጋም» ብለሽ እንዳትዘናጊ።

የመጀመሪያው ፍርድ፦ «ከየት አመጣችው?»

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ሉፐስ ያለባት ሴት እንዴት ቂጥኝ አለባት ትባላለች? ምስጢሩ ያለው ምርመራው ውስጥ ነው። ቪዲአርኤል እና አርፒአር የሚባሉት የቂጥኝ ምርመራዎች የሚፈልጉት የበሽታውን ጀርም አይደለም፤ ካርዲዮሊፒን በሚባል የስብ ዓይነት ላይ የተነሳ አንቲቦዲን ነው። ይህ ስብ እ.ኤ.አ. በ1941 ሜሪ ፓንግቦርን በተባሉ ተመራማሪ ከበሬ ልብ ተለይቶ ወጣ፤ ስሙም «የልብ ስብ» ከሚል የተገኘ ነው። የቂጥኝ ሕመምተኛ በዚህ ስብ ላይ አንቲቦዲ ያወጣል። የሉፐስ በሽተኛም ታወጣለች። ምርመራው ሁለቱን መለየት አይችልም።

ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሙር እና ሉትስ የተባሉ ሐኪሞች ቂጥኝ ሳይኖርባቸው ምርመራቸው ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ የሚሆንባቸውን ሰዎች ተከታትለው ከመካከላቸው ሉፐስ የሚገኝባቸው እንዳሉ ጽፈዋል። ወባና ሌሎች ኢንፌክሽኖች፣ አንዳንዴም እርግዝናው ራሱ እንዲህ ያለ የተሳሳተ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ። በራሱ በጀርሙ ላይ የተነሳ አንቲቦዲን የሚፈልጉት እንደ ቲፒኤችኤ ያሉ ማረጋገጫ ምርመራዎች ያሉትም ለዚህ ነው።

«ፖዘቲቭ የወጣ ሁሉ ሐሰት ነው» እያልኩ አይደለም። ቂጥኝ አለ፤ ጽንስም ይገድላል፤ ሐኪም መርፌ ካዘዘ መወጋት ይገባል። ነገር ግን መታከም አንድ ነገር ነው፣ መፍረድ ሌላ ነገር ነው። በሱረቱ ኑር ውስጥ ንጹሐን ሴቶችን አራት ምስክር ሳያቀርቡ በሚወነጅሉት ላይ የወረደውን ከባድ ቅጣት በመድረሳ ያልቀራ ማን አለ? እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በሐሰት የተነገረባቸውን የማያውቅስ ማን አለ? የአራት ሰው ምስክርነት የሚጠየቅበትን ክብር በአንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ተነስተን የምናፈርስ ከሆነ ለአላህ ምን መልስ እንሰጣለን?

ሁለተኛው ፍርድ፦ «ሾተላይ አለባት»

ጽንስ ሲደጋገምባት በሰፈራችን የምትሰማውን እናውቀዋለን። «ሾተላይ አለባት»፣ «ጅኒ ይዟታል»፣ «ማህፀኗ ልጅ አይቀበልም» ትባላለች። አማት ታጉረመርማለች፤ ጎረቤት ሁለተኛ ሚስት ይጠቁማል። ቁርአን የሚቀራላትን ወይም ሩቅያ የሚደረግላትን ሴት አልቃወምም፤ ዱዓ ከህክምና ጋር አይጣላም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንድንታከምም አዘዋል። የምቃወመው ዓመታት በዚያ ብቻ አልፈው አንድ የደም ምርመራ ሳይደረግላት ሲቀር ነው።

ምክንያቱም ይህ ችግር ሲታወቅ ሕክምና አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 በለንደን የታተመ ጥናት ጽንስ በተደጋጋሚ የወረደባቸውንና እነዚህ አንቲቦዲዎች ያሉባቸውን 90 ሴቶች ለሁለት እኩል ከፍሎ አከማቸው። ለ45ቱ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ብቻ፣ ለሌሎቹ 45 አስፕሪንና ሔፓሪን የሚባለው መርፌ ተሰጣቸው። አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 42ቱ በሕይወት ያለ ልጅ ሲታቀፉ፣ ሁለቱን አጣምረው ከወሰዱት ግን ከመቶ 71ዱ ታቀፉ። ልጅ የሚሰጠው አላህ ነው፤ ሰበቡንም የፈጠረው እርሱ ነው። «ልጅ አይዝላትም» ተብላ የተፈታች እህት ከእነዚህ 71 አንዷ ልትሆን ትችል ነበር።

ስለዚህ ሉፐስ ያለባት ሁሉ ከማርገዟ በፊት ስለ ሦስቱ ምርመራዎች ሐኪሟን ትጠይቅ። ሉፐስ እንዳለባት ባታውቅም ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ያስወረዳት፣ ወይም ከ10ኛው ሳምንት በኋላ ጽንሱ የሞተባት ሴት እንዲሁ ትጠይቅ። ባል አብሯት ይሂድ።

ሦስተኛው ፍርድ፦ «መርፌው ሐራም ነው»

እዚህ ላይ ግልጽ ላድርግ፤ ሔፓሪን፣ ኢኖክሳፓሪን የሚባለውም ጭምር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ከአሳማ አንጀት ሽፋን ነው። አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «አትንገሪያቸው፣ ይተዉታል» ይሉኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሙስሊም ታማሚ የሚወስደውን የማወቅ መብት አለው። ብንደብቀው ደግሞ አንድ ቀን ከሰው አፍ ይሰማዋል፤ ያኔ መርፌውንም እኛንም ይተዋል። በእርግዝና መሐል የተቋረጠ መርፌ ደግሞ ጽንሱንም እናቱንም ለአደጋ ይዳርጋል።

ነገር ግን ምንጩን የነገርናት እህት ሌላውንም ግማሽ ልትሰማ ይገባል። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት በ1424 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003) ባካሄደው 17ኛ ጉባኤው በዚሁ በአዲሱ ሔፓሪን ላይ ተወያይቷል። የሚተካው የተፈቀደ መድኃኒት በማይገኝበት ጊዜ፣ ወይም ተተኪው ሕክምናውን የሚያራዝም ከሆነ መጠቀም እንደሚቻል፣ ሆኖም ከሚያስፈልገው መጠን እንዳያልፍና ንጹሕ ተተኪ ሲገኝ ወደዚያ መዞር እንደሚገባ ወስኗል። ከእንስሳ ሳይሆን በላቦራቶሪ የሚሠራ ፎንዳፓሪኑክስ የሚባል መድኃኒት አለ፤ በእርግዝና ላይ ያለው ልምድ ግን ከሔፓሪን ያነሰ ስለሆነ ሐኪሙ ይመዝነው። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። የምለው፣ «ሐራም ነው» ብሎ መርፌውን ከእጇ የሚያስጥል ሰው መጀመሪያ ዓሊም ይጠይቅ፤ ዓሊሙም ሐኪሟን ይጠይቅ ነው። ሁለቱን ሳይጠይቅ የተናገረ ሰው በሁለት ነፍስ ላይ ተናግሯል።

የእኔ ጥፋት

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ የሻዕባን ወር ሊያልቅ ሲል አንዲት ወጣት መጥታ ረመዷንን ሳታቋርጥ ለመጾም የወር አበባ የሚያዘገይ ክኒን ጠየቀችኝ። በየዓመቱ የሚጠየቅ ነገር ነው። ኤስትሮጅን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ ክኒን አንስቼ ያለ እረፍት እንድትወስደው ነግሬ ሸጥኩላት። አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ሸዋል ሳይጋመስ እህቷ ለእርሷ ዋርፋሪን ልትገዛ መጣች። ሉፐስ ነበረባት፤ ግራ እግሯ አብጦ ሆስፒታል ገብታ ደም መርጋት ተገኝቶባታል። ክኒኑ ብቻውን አደረገው ማለት አልችልም። ነገር ግን ኤስትሮጅን የደም መርጋትን እንደሚጨምር ተምሬ ነበር፤ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ሉፐስ ያለባትና አንቲቦዲው የተገኘባት ሴት፣ ወይም ገና ያልተመረመረች ሴት፣ ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን ጨርሶ መውሰድ የለባትም ይላል። ልብ በሉ! ያልተመረመረችውን እንዳለባት ቆጥሮ ነው የሚያስጠነቅቀው። መዳብ ያለበት ሉፕ ሆርሞን ስለሌለው ለእነዚህ እህቶች የደም መርጋት አይጨምርም፤ ሌሎቹን አማራጮች ከሐኪም ጋር መምረጥ ይቻላል። ጾሙን በተመለከተ ደግሞ አላህ በወር አበባ ጊዜ ጾምን አንስቶላቸው ቀዿ እንዲያወጡ አድርጓል። ይህን እዝነት ትተን በክኒን ራሳችንን ለምን ለአደጋ እናጋልጣለን?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒን ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ሉፐስ ወይም የመገጣጠሚያ በሽታ አለብሽ? አንቺ ወይም ቤተሰብሽ ደም ረግቶባችሁ ያውቃል? ጽንስ ወርዶብሽ ያውቃል? የሙያ ባልደረቦቼም እንዲህ እንዲያደርጉ እለምናለሁ። አንባቢዎች ደግሞ ሳንጠይቅ ስንሰጣችሁ እናንተ ጠይቁን።

በቤት ውስጥ ሊታወቁ የሚገባቸው

ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ለሚወስዱና ለቤተሰቦቻቸው የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

1. ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአር የሚባለውን የደም ምርመራ በቀጠሮው ያድርግ። «ደህና ሆኛለሁ» ብሎ ማቆም አደገኛ ነው።

2. ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳሉ። መተው አያስፈልግም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነው የሚያስፈልገው። ለወራት ሳይበላ ቆይቶ በአንድ ሳምንት በየቀኑ ጎመን መብላት ልኩን ያዛባል።

3. ለራስ ምታትና ለቁርጥማት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ ከዋርፋሪን ጋር የጨጓራ ደም መፍሰስ ያመጣል። ኮትሪሞክሳዞልና ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚጨምሩ ለሐኪምና ለፋርማሲ ባለሙያ ሳይነግሩ አይወሰዱ። ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ ወይም ነጭ ሽንኩርት ለመድኃኒትነት በብዛት የሚወስዱም ይንገሩን። ሒጃማ ማሠራት የፈለገ ሰው ዋርፋሪን እየወሰደ ከሆነ ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይበጣ።

4. ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ የቀረ ዕለት ወደ ሐኪም ትሂድ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን ስለሚጎዳ በሔፓሪን መቀየር አለበት። ለሉፐሱ የሚሰጠውን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን «እርጉዝ ነኝ» ብላ በራሷ አታቋርጥ፤ በእርግዝና ጊዜ መቀጠሉ ይጠቅማታል።

5. ዘመድ ከውጭ የሚልከውን «የደም ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ክኒን» በዋርፋሪን ምትክ አትዋጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የጣሊያን ጥናት ሦስቱም አንቲቦዲዎች ያሉባቸውን ሰዎች በሪቫሮክሳባን ሲያክም ደም መርጋትና ስትሮክ ስለበዛ ጥናቱ ከጊዜው በፊት ቆሟል። በ2019 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪም ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል።

6. ረመዷን ከመግባቱ በፊት ሐኪም ይማከር። ዋርፋሪን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰድ ይችላል። ኩላሊቷ የተነካ ወይም ሕመሙ የተነሳባት ሴት ግን ለበሽተኛ የተሰጠውን ፈቃድ ትጠቀም። ለሐጅና ለዑምራ በረጅም በረራ የሚሄዱ ውሃ ይጠጡ፣ እየተነሱም ይንቀሳቀሱ።

7. አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥር ወይም ደረት ቢወጋ፣ ፊት ቢጣመም፣ እጅ ቢዝል ወይም አንደበት ቢተሳሰር «ጅኒ መታት» ብሎ መጠበቅ አይገባም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይወሰዱ። ሩቅያው በመንገድ ላይ ይቀራ።

«ምርመራው ውድ ነው»

«እነዚህ ምርመራዎች በሁሉም ቦታ አይገኙም፣ ውድም ናቸው፤ ድሃው ምን ይሁን?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ በተለይ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ላሉ ከባድ ነው። ሁሉም ሰው ይመርመር አላልኩም፤ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገቡትን ከላይ ጠቅሻለሁ። ሰው ሲሞትና ሲዳር ገንዘብ የምናዋጣ ጀማዓ ነን። አንዲት እህት ጽንስ ሲደጋገምባት ለምርመራዋ ብናዋጣ ሰደቃችን ከሁለት ነፍስ ይደርሳል። የመስጂድ ኢማሞቻችን በኹጥባቸው፣ ኡስታዞቻችን ለኒካህ በሚሰጡት ምክር፣ «ሳትመረምሩ አትፍረዱ» የሚለውን ቢጨምሩበት ከእኔ መቶ ጽሑፍ ይበልጣል።

ያ ወጣት ባለፈው ዓመት ሙሉ በየወሩ መርፌ ሊገዛ ይመጣ ነበር። በመጀመሪያ ቀን ከምን እንደሚሠራ ነገርኩት፤ ዓሊሙን ጠይቆ ተመለሰ። ማታ ማታ የሚወጋት እርሱ ራሱ እንደሆነ አንድ ቀን እያፈረ አጫወተኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ደግሞ መጥቶ ለሕፃን የሚሆን የትኩሳት ሽሮፕ ጠየቀኝ። አልሐምዱሊላህ! ያን ቀን ሰዎች እስኪወጡ ጥግ ይዞ የቆመው ሰው፣ አሁን ወረፋው መሐል ቆሞ በሁሉም ፊት ነው የጠየቀኝ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ ይስጣቸው፤ እኛንም ሳናውቅ ከመፍረድ ይጠብቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።